በእንተ ብየዳ

በከተማችን ያለ ቤት ሁሉ፣ የባለጸጋ ይሁን የድኃ፣ ከማድ ቤቱ ኋላ ወይም ከአጥሩ ሥር ትንሣኤውን የሚጠባበቅ የሰባራ ብረት ክምር አያጣም፤ በዚያም ክምር ውስጥ አንድ እግሩ የጎደለ አልጋ፣ ማጠፊያው የተገነጠለ የመዝጊያ ፍሬም፣ ጎማ እንጂ እጀታ የሌለው የእጅ ጋሪ፣ ከከሰሉ ጋር አብሮ ተቃጥሎ ያለቀ ምድጃ፣ እንዲሁም ማን እንዳመጣውና ለምን እንዳመጣው በሕይወት ካሉት መካከል የሚያውቅ የሌለ፣ ነገር ግን «ለአንድ ነገር ይሆናል» ተብሎ ከመጣል የዳነ ረዥም ቱቦ ይገኛል። የቤቱ እመቤት ይህ ሁሉ ለቆራሌው ተሰጥቶ ግቢው ይጸዳ ዘንድ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ታሳስባለች፤ የቤቱ ጌታም ዘመን በተለወጠ ቁጥር «ተይው፣ ይበየዳል» ብሎ ይመልሳል፤ ትንቢቱ ሳይፈጸምም ሌላው መስከረም ይጠባል።

የአንድ ቤት ሰባራ ይህን ያህል ከሆነ፣ የእድር ሰባራ ምን እንደሚያህል የሚያውቀው ንብረት ያዥ ሆኖ የተሾመ ሰው ብቻ ነው። የሰፈራችን እድር በዚህ ማዕርግ ሲያከብረኝ በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈው አደራዬ ድንኳኑን፣ የድንኳኑን ቋሚ ብረት፣ ድስቱን፣ አግዳሚውንና ወንበሩን ቆጥሮ መስጠትና ቆጥሮ መቀበል ሲሆን፣ ያልተጻፈው ግን ይበልጣል፤ ይኸውም ሐዘን ወጥቶ ዕቃው በተመለሰ ቁጥር ስንቱ ወንበር በእግሩ እንደ ቆመ፣ ስንቱም በሸክም እንደ መጣ መርምሮ መለየት ነው። የልቅሶ ቤት ወንበር የሚሰበረው በሐዘንተኛው አይደለም፤ ሐዘንተኛ የሚቀመጠው ፍራሽ ላይ ነውና። የሚሰብሩት ለማስተዛዘን የሚያመሹት ጐበዛዝት ናቸው፤ እነዚህ ካርታ ሲጫወቱ ወንበሩን በሁለት የኋላ እግሮቹ ብቻ አቁመው ይንጋለላሉ፤ እጃቸው መልካም ካርታ የያዘ እንደ ሆነም ከፍ ብለው ተነሥተው በኃይል ይቀመጣሉ። ስብራቱ ከአንድ ቦታ አይለይም፤ የኋላው እግር ከመቀመጫው በሚገናኝበት ላይ፣ ከቀድሞው ብየዳ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ብረቱ በሙቀት ከደከመበት መሥመር ነው። የተሰበረውን አፍ በጣት ሲዳብሱት የቱቦው ግድግዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ይህን ቀጭንነት አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልኝ እለምናለሁ፤ የነገሬ ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና።

ሰባራውን ተሸክሞ በመንገድ ዳር ወዳለው በያጅ መሄድ ቀላል መፍትሔ እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን የግቢ በርና የመስኮት ፍሬም የሚያሠሩ ባለ ሕንፃዎች በደጁ ተሰልፈው ሳሉ፣ በያጁ ለአንድ የወንበር እግር ሥራውን አቋርጦ ቢነሣ የሚያገኘው ጥቅም ያባከነውን ጊዜ እንኳ አይክስለትም፤ ሰውን ማሳፈር ስለማይወድም «እሺ አባቴ፣ ነገ» ይላል። ቀድሞ ሕዝቡ ማረሻና ማጭዱን ከብረት ሠሪው እጅ እየተቀበለ ሠሪውን ራሱን ግን «ቡዳ ነው» ብሎ ይሸሸው እንደ ነበረ፣ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር እንደ ደረሱ የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዛሬ ተነሥተው ቢያዩ የተሳዳቢው የልጅ ልጅ ከተሰዳቢው የልጅ ልጅ ደጃፍ ወንበር ታቅፎ ደጅ ሲጠና ባገኙት ነበር፤ ደጅ ከሚጠኑት አንዱ እኔ ባልሆን ኖሮ ይህ ፍርድ እጅግ ደስ ባሰኘኝ።

ስለዚህ እድሩ የራሱን የብየዳ ማሽን ይገዛ ዘንድ በወርኃዊው ስብሰባ አሳሰብሁ። እንዲህ ያለ አሳብ ሳይፈተን ያልፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የእድር ስብሰባ ተቀምጦ የማያውቅ ነው። ገንዘብ ያዣችን ቀድመው ተነሡና «ማሽን መግዛት ማለት የሚሰበር ዕቃ መጨመር ማለት ነው» አሉ፤ ይህም ንግግር ምንም እንኳ ለግዢው ዕንቅፋት ቢሆን እውነትነቱን ልክደው አልቻልሁም። የእድሩ ዳኛ በዋድላ ቅኔ የተቀኙ፣ ምንም ነገር ምሥጢሩ ሳይፈታ እንዲወሰን የማይፈቅዱ ሰው ስለ ሆኑ፣ የብየዳ ዓይነቱ ስንት እንደ ሆነ፣ አንዱ ከአንዱ በምን እንደሚለይ አስቀድሞ ይተርጐምልን ሲሉ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ በሁለት ሊቃውንት መካከል ሆነ፤ አንደኛው ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ ጡረተኛ፣ ሁለተኛው በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ተመርቆ በጋራዥ የሚሠራ የአንድ አባላችን ልጅ ነው።

በጡረተኛው ሃይማኖት ብየዳ ማለት የጋዝ ብየዳ ነው፤ የቀረው ብልጭታ ነው። ኦክስጅንና አሴቲሊን ተዋሕደው ሲነድዱ የነበልባሉ ሙቀት ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንደሚያልፍ፣ ብረት ግን በ1,538 ዲግሪ እንደሚቀልጥ፣ ስለዚህም ባለሙያ የሆነ ሰው እሳቱን እያቀረበና እያራቀ ስስ ቱቦ ሳይበሳ እንደሚያጋጥም፣ የተጣመመ ብረት እንደሚያቃና፣ የዛገ ብሎን አሙቆ እንደሚፈታ፣ ወፍራሙን እንደሚቆርጥ፣ ናስ አቅልጦም በባሕርያቸው የማይስማሙ ሁለት ብረቶችን እንደሚያያይዝ እጃቸውን በአየር ላይ እያንቀሳቀሱ ገለጹልን። ሲሊንደር በማይገኝበት ስፍራ ካርባይድ የተባለውን ድንጋይ በውኃ እያራሱ አሴቲሊኑን ራሳቸው ያወጡ እንደ ነበር፣ ሽታውም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እንደሚል ሲተርኩ የስብሰባው ቤት የሸተተ መሰለን። ንግግራቸው እጅግ የሠመረ ስለ ነበር፣ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሲሊንደር በኖረን። ነገር ግን እውነተኛ ባለሙያ አደጋን ስለማይደብቅ፣ በኃይል የታመቀ ኦክስጅን ቅባት ከነካው ያለ ክብሪት እንደሚቀጣጠል፣ ስለዚህ ቧንቧውን በቅባት እጅ መንካት ነፍስን መክዳት እንደ ሆነ ጨምረው አስተማሩን። በዚህ ጊዜ ሁላችንም የእድሩን ዕቃ ቤት አሰብነው፤ በዚያ ድንኳኑና ድስቱ አጠገብ ከየድግሱና ከየተዝካሩ የተረፈ የዘይት ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ተቀምጧል። የጋዝ ወገን በራሱ ምስክር ተረታ።

ወጣቱ የተሟገተለት የኤሌክትሪክ ብየዳ አባቶች ከወደ ሰሜን የመጡ ናቸው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቤናርዶስ ከፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ ጋር በካርቦን ዘንግ የሚበየድበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1885 በስማቸው አስመዘገቡ፤ ሌላው ሩሲያዊ ኒኮላይ ስላቪያኖቭ በ1888 በካርቦኑ ምትክ ራሱ እየቀለጠ የሚሞላ የብረት ዘንግ አደረገበት፤ ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበሪም ዘንጉን በልባስ ሸፍኖ፣ ልባሱ ሲነድድ የሚወጣው ጋዝና የሚጋግረው ቅርፊት የቀለጠውን ብረት ከአየር እንዲጋርደው አደረገና በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በየመንገዱ ዳር «አትዩ፣ ዓይናችሁን!» እያለ ሕፃናትን የሚያባርረው ልጅ በእጁ የያዘው ያ ግራጫ ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ የዚህ ስዊድናዊ ትሩፋት ነው።

ጉባኤው የኤሌክትሪኩን ካጸደቀ በኋላ ጡረተኛው፣ ወጣቱና እኔ ወደ መርካቶ ተላክን፤ ገንዘብ ያዣችንም ገንዘቡን ለማውጣት ሳይሆን እንዳይወጣ ለመጠበቅ ተከተሉን። በመጀመሪያው ሱቅ የተቀበለን ልጅ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቀይ ሣጥን በአንድ እጁ አውርዶ፣ «አባቶች፣ ይኼ 300 አምፔር ነው፤ የማያቀልጠው ብረት የለም» አለ። ገንዘብ ያዣችን ዋጋውንና ቁጥሩን ጐን ለጐን ሲሰሙ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ፤ በእርሳቸው ሒሳብ በአንድ ብር የሚገኘው አምፔር በበዛ መጠን ቁጠባው ይጨምራልና። ጡረተኛው ግን መነጽራቸውን አውጥተው ሣጥኑን ገለበጡትና ከኋላው የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ እንደ ጥንት ብራና በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ጀመር። ፊቱ ላይ በትልቁ 300 የተጻፈበት ማሽን ጀርባው ላይ በትንሹ 60 በመቶ፣ 120 አምፔር ይላል።

የዚህ በመቶ የተባለው ነገር ምሥጢር ብዙ ገዢዎችን ያመልጣቸዋል፤ ይኸውም የማሽን ጾም ነው። ጊዜው በ10 ደቂቃ ይቈጠራል፤ 60 በመቶ ማለት ማሽኑ በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን በይዶ 4ቱን ሊጾም ይገባዋል ማለት ነው፤ 20 በመቶ የሆነ እንደ ሆነ 2 ደቂቃ ሠርቶ 8 ደቂቃ ይጾማል፤ አምፔሩም ከፍ ባለ ቁጥር ጾሙ ይረዝማል። ጾሙን በግድ የሚያስገድፈው ሰው ሲኖር ደኅና ማሽን ቢጫ መብራት አብርቶ በራሱ ፈቃድ ሥራ ያቆማል፤ መከላከያ የሌለው ግን ውስጡ ተቃጥሎ ለዘለዓለም ይጾማል። ከማለዳ እስከ ማታ በር የሚበይድ ወርክሾፕ በሚሠራበት አምፔር ላይ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የሚፈቅድ ማሽን ያስፈልገዋል፤ የቤት በያጅ ግን በ20ውም በ30ውም ይኖራል፤ እርሱ 2 ደቂቃ በይዶ 8 ደቂቃ ስለ ብየዳው ማውራቱ የታወቀ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማሽን ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ስንት ድረስ ይወጣል ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስንት ድረስ ይወርዳል ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም፤ ነገር ግን በቤትና በእድር የሚሰበረው የመርከብ ግድግዳ ሳይሆን የወንበር እግር፣ ባለ ቱቦላሬ መስኮት፣ የላሜራ በር፣ የአልጋ ራስጌ ነው። በያጆች ዘንድ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ የኤሌክትሮድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ያህል ነው፤ ባለ 2.5ቱ ከ70 እስከ 90፣ ባለ 3.2ቱ ከ100 እስከ 130 ይበቃዋል፤ ለስስ ቱቦ ግን ባለ 2 ሚሊ ሜትሩን ይዞ ወደ 50 መውረድ ግድ ይሆናል። እንግዲህ ከ300ው የሚተርፈው አምፔር ለማን ነው? ለጎረቤት ወሬ ነው።

እኔ ከእድሩ ዕቃ ቤት አንድ የወንበር እግር በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበርና፣ ወጣቱ በሱቁ ኋላ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ማሽኑን ይፈትነው ዘንድ ሰጠሁት። ሻጩ በልበ ሙሉነት መቆጣጠሪያውን 110 ላይ አድርጎ «በለው!» አለ። ወጣቱ ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጫር ሲያደርገው ብርሃኑ ግድግዳውን አነጣው፤ የቱቦው አፍ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያም ምንም ሆነ፤ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ወደ 50 ባወረደው ጊዜ ደግሞ ቀዩ ሣጥን ትንፋሽ አጠረው፤ እሳቱ ሁለት ጊዜ ተርገብግቦ ጠፋ፣ ኤሌክትሮዱም ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ከሌላ ሱቅ የተዋስነው፣ ፊቱ ላይ 160 ብቻ የተጻፈበት ሰማያዊ ማሽን በዚያው በ50 ሲፈተን ድምፁ ሳይቆራረጥ ጥጥር እያለ ሄደ፤ ወጣቱ በላዩ የጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው ከሥሩ ሰልፉን የጠበቀ ጥርት ያለ ብየዳ ወጣ። ጡረተኛው በጥፍራቸው ፈተጉትና ምንም ሳይናገሩ መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ እንዲህ ማድረጋቸው በድሬዳዋ ቋንቋ ምስጋና እንደ ሆነ ኋላ ተረዳሁ።

ነገር ግን ጡረተኛው ጋዛቸው ከተረታ ወዲህ ልባቸው ወደ ከባዱ ማሽን አዘንብሎ ነበርና ወደ ምናለሽ ተራ ይዘውን ወረዱ። በዚያ መዶሻ ከመዶሻ ጋር በሚነጋገርበት ስፍራ፣ እጀ ብልሆች በአገር ውስጥ ጠቅልለው የሚሠሩት ትራንስፎርመር ተደርድሮ ይሸጣል፤ አንዱን ለማንሣት ሁለት ወንድ ያስፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ የተነባበረ የብረት ቅጠልና በላዩ የተጠቀለለ ሽቦ እንጂ ሌላ ረቂቅ ነገር የለበትም፤ ስለዚህ አቧራ አይገድለውም፣ ቢቃጠልም እንደ ገና ተጠቅልሎ ይነሣል። ገዢ መጠየቅ ያለበት ጥቅልሉ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም የሚለውን ነው፤ መዳቡ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ዕድሜም አለው፤ አሉሚኒየሙ ቀለም ተቀብቶ መዳብ ሊመስል ስለሚችል፣ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ነውር አይደለም። ኢንቨርተር የተባለው ቀላሉ ማሽን በአንጻሩ ከመሥመሩ የተቀበለውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ፍሰት ይለውጠውና በሴኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ ይከታትፈዋል፤ እንዲህ የተከታተፈ ኃይል ታላቅ ትራንስፎርመር ስለማያስፈልገው ነው በትከሻ የሚንጠለጠለው። እሳቱ ልዝብ ነው፤ ኬብሎቹን በማዘዋወርም ለስሱ ብረት አንድ ዓይነት፣ ለወፍራሙ ሌላ ዓይነት ሙቀት ያገኙበታል። ጠላቱ የብረት ብናኝ ነው፤ ከግራይንደር የሚወጣው ዱቄት በማራገቢያው ተስቦ ገብቶ በረቂቁ ሰሌዳ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ አንድ ቀን ጧ ይላል፤ ጠጋኙም ከፍቶ አይቶ «ቦርዱ ሄዷል» ይላል፤ ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

በእኔ አሳብ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መሥመር ያለው፣ ወለሉ ከብናኝ የማይጸዳ፣ ማሽኑም ከቦታው የማይነሣ ወርክሾፕ ከባዱን ይግዛ፤ ቤትና እድር ግን ቀላሉን ይግዙ፣ ከግራይንደሩም አርቀው ያኑሩት። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና በተጠቀለለ ሽቦ የሚሠራው ለመኪና አካል ስስ ላሜራ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን ነፋስ ጋዙን ስለሚበትንበት ከድንኳን ውጭ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። አርገን የሚጠቀመው ደግሞ ለማይዝግ ብረትና ለአሉሚኒየም የተመረጠ ነው፤ እድራችን ገና ወደዚያ ማዕርግ አልደረሰም።

የማሽኑ ነገር እዚህ ላይ ቢፈጸም መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከማሽኑ ቀጥሎ ግድግዳው ይመረመራል። በ100 አምፔር የሚበይድ ማሽን 100ውን አምፔር ከግድግዳው የሚወስድ ለሚመስለው ሰው እውነቱ እንዲህ ነው፤ በኤሌክትሮዱ ጫፍ ያለው ግፊት 24 ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከ220 ቮልቱ የቤት መሥመር የሚጠጣው ከ15 እስከ 20 አምፔር ይሆናል። ይህ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ከሚጠጣው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ምጣድ የሚሸከም መሥመር ብየዳውን ይሸከማል፤ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ግን አይሸከምም። ወጣቱ ይህን በጉባኤ ሲያስረዳ ከኋላ አግዳሚ የተቀመጡት እናቶች ሌላውን ትምህርት ሁሉ በትዕግሥት ካሳለፉ በኋላ እዚህ ላይ ነቅተው፣ በጋገራ ቀን እንዳይበየድ በደንብ ይጻፍ አሉ፤ ስለ ማሽኑ ከተላለፈው ውሳኔ ሁሉ በሙሉ ድምፅ ያለፈው ይህ ብቻ ነው። በዚያው ላይ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ፣ ይልቁንም ከነጥቅልሉ ሳይፈታ የተሰካ፣ ይሞቃል፣ ቮልቱንም ይበላል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ መብራትና ምድጃ ሲለኩስ ደግሞ ኃይሉ ስለሚወርድ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ በያጁም በማሽኑ ይፈርዳል።

ኤሌክትሮድ ሲገዙ በላዩ 6013 የሚለውን መያዝ ለቤት ሥራ ይበቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብየዳው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ 60,000 ፓውንድ ስበት እንደሚችል ይናገራሉ፤ የወንበራችን ጐበዛዝት እስከዚያ አይደርሱም። 7018 የተባለው የበረታ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ይጠላል፣ በክረምት ሳይደርቅ ቢበየድበት ስንጥቅ ያመጣል። መነጽሩን በተመለከተ 10 ወይም 11 ቁጥር መስተዋት ያለው ጭንብል ያስፈልጋል፤ ብርሃኑ የመታው ዓይን በዚያው ሰዓት ምንም ሳይል ቆይቶ በእኩለ ሌሊት አሸዋ የተበተነበት ያህል ያቃጥላልና፣ ያን ጊዜ ድንች ቁረጡልኝ ከማለት አስቀድሞ መሸፈን ይሻላል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮና ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስም ትኩሳት ያመጣል። በያጆች ለዚህ መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ፤ ሐኪም ግን ለብጡን ፋቁ፣ መስኮቱን ክፈቱ ይላል። ወጣቱ የወተት ወጪ በበጀት እንዲያዝለት በጠየቀ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን ያለ አንዳች ማመንታት ከሐኪሙ ጋር ወገኑ።

በመጨረሻ የገዛነው ሰማያዊውን ነው፤ ፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከቀዩ እጅግ ያነሰ፣ ዋጋው ግን ከቀዩ የበለጠ ነበርና፣ ገንዘብ ያዣችን አነስተኛ ቁጥር በትልቅ ዋጋ የገዛ ጉባኤ ታይቶ እንደማይታወቅ በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ ሲሉ አመለከቱ፤ ተጻፈላቸው። ወንበሮቹ ተበየዱ፤ ወሬውም በሰፈሩ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ደጄ የሰባራ ሁሉ መማፀኛ ሆነ፤ ሰላምታ ሊሰጠኝ የመጣ ሰው ሁሉ በብብቱ አንድ ነገር ይዟል። ዳኛው ይህን አይተው ማሽኑ የእድሩን ንብረትና ከሐዘን ጋር የተያያዘ ዕቃ ብቻ እንዲበይድ ወሰኑ፤ ውሳኔው ግን አንድምታ በዛበት። አስከሬን ሲወጣ የተነቀለ የበር ማጠፊያ ከሐዘን ይቈጠራል? ይቈጠራል ተባለ። ለንፍሮ ድስት የሚሆን ባለ ሦስት እግር መጣጃስ? እርሱም ተፈቀደ። ለሠርግ የተዋሱት አግዳሚ ግን የሠርጉ ባለቤቶች ሐዘንተኛ መሆናቸውን ማስረዳት ስላልቻሉ ተመለሰ።

በዚህ መካከል አንድ ምሽት ገንዘብ ያዣችን ከአንግል ብረት የተሠራ የአልጋ እግር በነጠላ ሸፍነው መጡ። «ይህ የአልጋ እግር ነው» አልኋቸው። «አልጋው የአማቴ ነው፤ እርሳቸውም ታመው ተኝተውበታል» አሉ። እግዜር ይማርልን ብዬ፣ የታመመ ሰው አልጋ ግን ከሐዘን ንብረት እንደማይቈጠር ደንቡን ጠቅሼ ባስረዳቸው፣ ወደ ዳኛው ሄደው አቤት አሉ። «እስቲ ይመርምሩት» አሉ ገንዘብ ያዣችን፤ «አልጋው ሌሊት ከድቷቸው ቢወድቁና አንድ ነገር ቢሆኑ ከፋዩ ማን ነው? እድሩ አይደለም ወይ? እኔ የእድሩን ገንዘብ ብዬ ነው እንጂ የአማቴን ነገር ብዬ አይደለም።» ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ነገሩ ምሥጢር እንዳለው አምነው እንዲበየድ ፈቀዱ፤ ወጣቱንም ጠርተው፣ ሴትዮዋ ደንዳና ናቸውና በባለ 2.5ቱ ሳይሆን በባለ 3.2ቱ ኤሌክትሮድ፣ በሁለቱም ወገን ይሁን ሲሉ አዘዙት።